አጃኢብ ቤት

ዛንዚባር ደርሶ ለተመለሰ ሰው መጀመሪያ የሚቀርብለት ጥያቄ «ባሕሩ እንዴት ነው?» የሚል ነው። ስለ ከተማው የሚጠይቅ የለም። አይፈረድም፤ ከቦሌ በቀጥታ የበረረው መንገደኛ ሻንጣውን እንደተቀበለ ወደ ኑንጉዊ ወይም ወደ ፓጄ ይነዳል፤ ነጭ አሸዋ ላይ ይሰነብትና በመጨረሻው ቀን፣ የበረራው ሰዓት እስኪደርስ፣ ስቶን ታውን ወደሚባለው አሮጌው ከተማ ብቅ ይላል። አስጎብኚው በፈጣን እግር ይመራዋል። የተቀረጸ በር፣ የቅመም ገበያ፣ የባሮች ምድር ቤት፣ የዘፋኙ የፍሬዲ ሜርኩሪ ቤት፤ ሁለት ሰዓት አይፈጅም። እኔም መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። የተረፈኝ ላብና የአንድ በር ፎቶ ብቻ ነበር።

በሁለተኛው ጉዞዬ ባሕሩን ትቼ አራት ሌሊት ከተማው ውስጥ አደርኩ።

የስቶን ታውንን ሕመም ለማወቅ የባሕሩ ዳር ላይ ያለውን አንድ ቤት ማየት ይበቃል። ሱልጣን ባርጋሽ በ1883 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) ያሠራው ይህ ቤተ መንግሥት ቤይት አል-አጃኢብ ይባላል። አማርኛ ተናጋሪ አስተርጓሚ አያሻውም፤ «አጃኢብ!» እያልን የኖርንበት ያው የዐረብኛ ቃል ነው። ከተማው መጀመሪያ የኤሌክትሪክ መብራት ያየው በዚህ ቤት ነው፤ ሊፍትም ነበረው። በ1896 የእንግሊዝ መርከቦች አንድ ሰዓት ባልሞላ ጦርነት የሱልጣኑን ግቢ በመድፍ ሲያነዱት ይህ ቤት ተርፏል። ከመድፍ የተረፈው ቤት ዲሴምበር 25 ቀን 2020፣ ዕድሳት እየተደረገለት ሳለ፣ ከነሰዓት ማማው ፊቱ ተደረመሰ። ሁለት ሠራተኞች ሞቱ።

አስጎብኚዎች እምብዛም የማያነሡት ነገር አለ፤ የባርጋሽ እናት ሐበሻ ነበረች። በአባት የምትገናኘው እህቱ ልዕልት ሳልሜ፣ ከአገሯ ኮብልላ ጀርመናዊ ነጋዴ ያገባችውና ወደ አውሮፓ የሄደችው፣ በ1886 ባሳተመችው ማስታወሻ በአባቷ ቤት ስለነበሩት ሐበሾች ቁባቶች ጽፋለች። እነዚያ ሴቶች በምን መንገድ እንደመጡ ከተማው ውስጥ ካለው ካቴድራል ግቢ የገባ ሰው ይገባዋል። ባርጋሽ በ1873 በእንግሊዞች ግፊት የባሪያ ገበያውን ከዘጋ በኋላ ካቴድራሉ እዚያው ገበያው ላይ ተሠራ። ግቢው ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ፣ አንገታቸው በሰንሰለት የተያያዘ አምስት የሰው ሐውልቶች ቆመዋል። ሰንሰለቱ የእውነት ነው። ፎቶ ለመነሳት ፈገግ የሚሉ ጎብኚዎች አይቼ ተናደድኩ፤ ከዚያ የራሴ ስልክም እጄ ላይ መሆኑን አየሁ።

ቤቶቹ ለምን እንደሚወድቁ ለመረዳት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ግድግዳው ኮራል ድንጋይና ኖራ ነው፤ ወለሉንና ጣሪያውን የሚሸከመው ቦሪቲ የሚሉት የማንግሮቭ ግንድ ነው። ግንዱ ብዙ ስለማይረዝም ክፍሎቹ ከሦስት ሜትር ገደማ በላይ አይሰፉም። ያደርኩባትን በእርምጃ ብለካት አራት ሆነች። ራስጌዬ ያለውን ግድግዳ በጣቴ ጫን ሳደርገው ኖራው እንደ በሶ እጄ ላይ ተፈርፍሮ ቀረ። ኮራል ውሃ ይጠጣል፤ ኖራው ደግሞ የጠጣውን ያስተነፍሰዋል። ሰው ለጥንካሬ ብሎ በሲሚንቶ ሲለስነው እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ ግድግዳው ውስጥ የገባው የግንዱ ጫፍ ይበሰብሳል። ከውጭ አዲስ የሚመስለው ቤት ውስጥ ውስጡን ያልቃል።

በ1964ቱ አብዮት ከባለቤቶቹ ብዙዎቹ ተሰደዱ፤ ቤታቸው ተወረሰ፤ ለአንድ ቤተሰብ የተሠራው ፎቅ ለብዙ ተከራይ ተሸነሸነ። የቀበሌ ቤት የሚያውቅ አንባቢ የቀረውን ራሱ ይጨርሰዋል፤ የጋራ ጣሪያ ሲያፈስ ሁሉም ከታች ባልዲ ይደቅናል እንጂ ወደ ላይ የሚወጣ የለም። በ1985 የጥበቃና የልማት ባለሥልጣን ተቋቋመ፣ በ2000 ዩኔስኮ ከተማውን መዘገበ። ሆቴል የሆነው ቤት ዳነ፣ ግን ነዋሪው ወጣ። ሆቴል ያልሆነው ነዋሪውን እንደያዘ ይሰነጠቃል።

ደሴቶቹ በ2024 ከ700,000 በላይ የውጭ ጎብኚ ተቀብለዋል። ከዚያው ዓመት ኦክቶበር ጀምሮ እያንዳንዱ አዋቂ የውጭ ጎብኚ 44 ዶላር የመድን ክፍያ ይከፍላል፤ መድኑ ግን ለሰውዬውና ለሻንጣው እንጂ ለግድግዳው አይደለም። ጎብኚ በዛ የሚለው ወቀሳ ለእኔ ግማሽ እውነት ነው። ከተማው የሚደርሰው እግሩ ነው፤ የአዳር ገንዘቡ አሸዋው ዳር ይቀራል። «ፓፓሲ» (በስዋሂሊ መዥገር ማለት ነው) የሚባሉት ደላሎች እንግዳ ላይ የሚጣበቁትም አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስለኛል፤ በሁለት ሰዓት ካልተሸጠለት ሌላ ጊዜ የለም።

ማታ ማታ ፎሮዳኒ መናፈሻ እወርዳለሁ። ጎረምሶች ከግንቡ ተንደርድረው ባሕር ውስጥ ይወረወራሉ፤ ኡሮጆ የሚሉት ሆምጠጥ ያለ ሾርባ በጎድጓዳ ሳህን ይቀርባል። ከዚያ በጠባቡ መንገድ ወደ ማደሪያዬ ስመለስ ከየቤቱ ደጃፍ ባለው ባራዛ፣ የግንብ መደብ ነው፣ ሽማግሌዎች ቡና ይዘው ያወጋሉ። በሰላምታ አያሳልፉህም፤ ከየት ነህ፣ መቼ መጣህ፣ ሁሉም ይጠየቃል።

በአራተኛው ሌሊት ዝናቡ መጣ። ከአልጋዬ ተነስቼ በር ስከፍት የቤቱ እመቤት፣ ስልሳን ያለፉ ሴት፣ በአንድ እጃቸው ባትሪ በሌላው መጥረጊያ ይዘው ወደ ሰገነቱ እየወጡ ነበር። ተከተልኳቸው። የአሸንዳውን አፍ ቅጠል ዘግቶት ጣሪያው ላይ ውሃ ተኝቷል። ባትሪውን አቀበሉኝና ጎንበስ ብለው በእጃቸው ዛቁት፤ ውሃው ሲወርድ ድምፁ እስከ መንገዱ ተሰማ። ልብሳቸው በስብሶ ሲወርዱ ክፍሌ ገብተው የራስጌዬን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ዳሰሱ፤ «ፖሌ» አሉኝ፣ አይዞህ እንደማለት ነው፤ አልጋውንም ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል አራቁልኝ።