ሪያድ ላይ ብስክሌት የሚሰቀልበት ወቅት

በሰሜን አውሮፓ ብስክሌተኛን ከመንገድ የሚያስወጣው በረዶ ነው፤ በሪያድ ግን ፀሐይ ናት። በጃንዋሪ ቀትር ላይ 20 ዲግሪ ገደማ የሆነው የከተማዋ ሙቀት በጁላይ 43 ይደርሳል። መንግሥት ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከቀትር ጀምሮ ለሦስት ሰዓት ሠራተኛ ፀሐይ ላይ እንዳይሠራ ይከለክላል። የሳዑዲ ቱር የብስክሌት ውድድርም በ2020 ሪያድ ላይ የተካሄደው በፌብሩዋሪ ነበር። እንግዲህ ጥያቄው እነዚህን የሙቀት ወራት ሳይነዳ የተቀመጠ ሰው ምን ያህል ይጎዳል የሚለው ነው። በ1984 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ልምምድ ያቆሙ ስፖርተኞች ኦክስጅን የመጠቀም ከፍተኛ አቅማቸው በ21 ቀን 7 በመቶ፣ በ56 ቀን 16 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። በተመሳሳይ ዓመታት የተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ የየቀኑ ልምምድ ከ40 ደቂቃ ወደ 13 ቢያጥርም፣ ጥረቱ እንደከበደ ከቀጠለ ይህ አቅም ለ15 ሳምንት እንደማይወርድ አረጋግጧል። ስለዚህ ደቂቃው ይቀነስ፤ ጥረቱ ግን አይላላ።

«ሰውነት እረፍት አይሻም ወይ?» ለሚል፣ ይሻል፤ አንድ ሁለት ሳምንት ይበቃዋል። «ሌሊት መንዳትስ?» ዋዲ ሐኒፋ በተባለው ሸለቆ ዳር ንጋት ላይ መንዳት ደስ ይላል፣ ነገር ግን የጁላይ ሌሊትም 28 ዲግሪ ገደማ ነው። የሚቀረው ቤት ውስጥ የቆመ ብስክሌት መንዳት ነው። ይሰለቻል፤ እውነት ነው። ከመሰልቸቱ የባሰው ግን ሙቀቱ ነው፦ ጡንቻ ከሚያቃጥለው ጉልበት ሦስት አራተኛው ያህል ሙቀት ይሆናል፣ ክፍል ውስጥ ደግሞ የሚያበርድ የመንገድ ነፋስ የለም። ኤሲ ብቻውን አይበቃም፤ ፊት ለፊት የሚነፍስ ቬንትሌተር ከውድ ብስክሌት ይበልጥ ይጠቅማል።