ጭሱ የታለ?

«ውሃ ገብቶበት ነው» አለ ሹፌሩ፣ ኮፈኑ ገና ሳይከፈት። ቴፒ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብባት ስላደረ የተከራከረው ሰው አልነበረም።

ወሩ ኅዳር ነው፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል። የአጎቴ ልጅ ቡና አቅራቢ ነው። ጀንፈሉን፣ ያልተፈለፈለውን ደረቅ ቡና፣ በአሮጌዋ ሃይሉክስ ጭነን፣ ሸራ አልብሰን፣ ሚዛን ተፈሪ ወዳለ መፈልፈያ ልንወስደው ተነሥተናል። መንገዱ ሩቅ አይደለም፤ በሸኮ በኩል 50 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። የሚያሳስበን ሰማዩ ነበር። ጀንፈል ደርቆ እርጥበቱ ከመቶ 11 ወይም 12 ከደረሰ በኋላ ውሃ የተጠማ ነገር ነው። እርጥብ አየር ካገኘ መልሶ ይጠጣል፤ ከሰነበተበት ደግሞ ይሻግታል። ሸራ ዝናቡን ይመልስ ይሆናል፤ የቴፒን አየር ግን አይመልስም።

ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው ደህና አድርጎ ያዞራል። ድምፁ አይጎተትም፣ አይንተባተብም። ሞተሩ ግን አልነሳም አለ። ሹፌሩ ደገመ፤ ሠለሰ።

«እንግፋት!» አሉ ጫኞቹ። ስድስት ሆነን በጭቃው ውስጥ ገፋናት፤ ሁለት ጊዜ ተንሸራተን ወደቅን፤ አልተነሳችም። በኋላ ሳስበው ግፊቱ ከንቱ ልፋት ነበር። መኪና መግፋት የሞተሪኖን ሥራ በሰው ጉልበት መሥራት ነው፤ ሞተሪኖው በደንብ እያዞረ ግፊት ምን ይጨምራል? ይህን ስሕተት አዲስ አበባም ውስጥ ስንቱ ሲሠራው አይቻለሁ። መኪናው አልነሳ ስላለው ብቻ ደህናውን ባትሪ ጥሎ አዲስ የገዛም አውቃለሁ።

ቀጥሎ የውሃው ነገር መጣ። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከታች ይዘቅጣል። ሹፌሩ የናፍጣ ፊልትሮውን የታች ብሎን አላልቶ የሚፈሰውን በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀበለ። ወደ ብርሃን ሲያነሣው ከሥር ግማሽ ጣት የምታህል ጥርት ያለች ውሃ፣ ከላይ ቢጫ ናፍጣ፣ በመካከላቸው በምላጭ የተሰመረ የሚመስል መስመር ታየ። «አላልኳችሁም!» አለ። እውነትም ደስ አለን፤ የአጎቴ ልጅ ለሁላችንም ሻይ አዘዘ። ሹፌሩ ብሎኑን አጥብቆ፣ ፊልትሮው አናት ላይ ያለውን የእጅ ፖምፓ እስኪጠነክር ድረስ ጫን ጫን አደረገና ቁልፉን አዞረ። ሞተሪኖው ዞረ፤ ሞተሩ ዝም። ውሃው እውነት ነበር፤ ጥፋቱ ግን የእሱ አልነበረም። ሻዩ ቀዘቀዘ።

ወደ 3 ሰዓት ገደማ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ሞተር ሳይክል ላይ ተፈናጠው ደረሱ። መፍቻዎቻቸውን በጨርቅ ጠቅልለው በብብታቸው ይዘዋል። «እንዴት አደራችሁ» አሉና፣ ኮፈኑ ወለል ብሎ ተከፍቶ እየጠበቃቸው፣ ዞርም ብለው ሳያዩት አልፈው ወደ ኋላ ሄዱ። ጭስ ማውጫው አጠገብ ቁጢጥ አሉ።

«አዙር!»

ሹፌሩ አዞረ። ሽማግሌው መዳፋቸውን ጭስ ማውጫው ላይ ደቅነው ጥቂት ቆዩና አሸተቱት።

«በቃ፣ ተው። ጭሱ የታለ?»

«አልነሳም እኮ ጋሼ፣ ከየት ይጨሳል?»

«አይ አንተ ልጅ! ባይነሳም ይጨሳል።»

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ እሳት የሚረጭ ካንዴላ የለውም። ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1893 የፈጠራ መብት ያገኘበት ሐሳብ አየርን አጥብቆ በመጭመቅ የሚያቀጣጥል ግለት ማግኘት ነው። እንደዚህች ያለው አሮጌ ሞተር አየሩን ከሃያ እጥፍ በላይ ይጨምቀዋል፤ በዚያ ግለት ውስጥ የተረጨ ናፍጣ ራሱን በራሱ ያቀጣጥላል። ናፍጣው ገብቶ ግለቱ ካነሰው ሳይነድ ይተንና ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ ሽታውም አፍንጫ ይሰነፍጣል። ጭስም ሽታም ከሌለ ናፍጣው ሲሊንደሩ ውስጥ አልገባም። ከማለዳ ጀምሮ ስናዞር አንዳችንም ወደ ኋላ ሄደን አላየንም። ሁላችንም ኮፈኑ ላይ ተደፍተን ድምፅ ስንሰማ ነበር።

ከዚያ 17 ቁጥር መፍቻ አነሡ። ከዋናው ፖምፓ ወደ ኢንጀክተሩ የሚሄደውን ቱቦ ዳዶ አላልተው አስዞሩ፤ ናፍጣ ሊተፋ ሲገባው ደረቅ ነው። ወደ ፖምፓው የሚገባውን ቱቦ አላሉና የእጅ ፖምፓውን ተጫኑ፤ ናፍጣው ጣታቸው ላይ ፈሰሰ። እስከ ፖምፓው ደጃፍ ይመጣል፤ ከዚያ አያልፍም።

ሞተሪኖ፣ ፖምፓ፣ ፊልትሮ፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፤ ጋራዦቻችን እስከ ዛሬ ግማሽ በግማሽ ጣሊያንኛ ነው የሚናገሩት። ናፍጣውን ላገደችው ክፍል ግን ሽማግሌው የጣሊያን ስም አልነበራቸውም። «ማጥፊያዋ» አሏት።

ማጥፊያዋ ፖምፓው ላይ የተሰካች፣ አውራ ጣት የምታህል ነገር ናት። ቁልፉ ሲከፈት ኤሌክትሪኩ ማግኔት ያደርጋትና ውስጧ ያለችውን ትንሽ ዘንግ ትስባለች፤ ናፍጣውም ያልፋል። ቁልፉ ሲዘጋ ስፕሪንጉ ዘንጓን ይመልሳታል፤ ናፍጣው ይቋረጣል፣ ሞተሩ ይጠፋል። እንዲህ ያለ ኮምፒውተር የማያውቅ ሞተር አንዴ ከተነሳ በኋላ ከኤሌክትሪክ የሚፈልገው ይህችኑ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ወደ እሷ የምትመጣውም አንዲት ሽቦ ናት።

«እስቲ ዝም በሉ» አሉ። ጫኞቹ ዝም አሉ። «ቁልፉን ክፈት፤ አታዙር።»

ጠቅ ማለት ነበረባት። አላለችም።

ከኪሳቸው ሁለት ሽቦ የተበየደባት የፍሬቻ አምፖል አወጡ። አንዱን ጫፍ ከሞተሩ ብረት፣ ሌላውን ከማጥፊያዋ ሽቦ አገናኙ፤ አልበራችም። ከባትሪው ፖዘቲቭ ሲያስነኳት ቦግ አለች። ስለዚህ አምፖሏ ደህና ናት። ፊውዙንም ነቅለው አዩት፤ ደህና ነው። ከዚያ ሽቦዋን በጣታቸው እየዳበሱ ወደ ሞተሩ ጀርባ፣ ወደ ጋቢናው ግድግዳ ሥር ተከተሏት። እዚያ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። ሲያወጡት አንድ እፍኝ ነገር ይዟል፦ የጆንያ ክር፣ የተቦጫጨቀ ፌስታል፣ የበቆሎ ፍሬ፣ ሦስት አራት የጀንፈል ገለባ። ጎጆ ነው። ከጎኑ ሽቦዋ ላስቲኳ ተግጦ፣ መዳቧ ተበጥሶ ተንጠልጥላለች።

«አይጥ!» አለ የአጎቴ ልጅ፣ ሌባ የያዘ ያህል።

መኪናዋ ሁለት ሳምንት ሙሉ የበቆሎና የቡና መጋዘኑ ጥግ ቆማ ነበር። አይጥ የፊት ጥርሷ ዕድሜዋን ሙሉ ስለሚያድግ ያገኘችውን እየጋጠች ካልሞረደችው አያስቀምጣትም። ከዝናብ የሚያስጠልል ቤት፣ ደጃፍ ላይ እህል፣ ለጥርስ የሚሆን ሽቦ አሰናድተን የሰጠናት እኛው ነን።

ሽማግሌው ሽቦዋን እዚያው አልጠገኑም። ሰማዩን ቀና ብለው አዩና ከባትሪው ፖዘቲቭ ወደ ማጥፊያዋ አንድ ሜትር ያህል ሽቦ ሳቡ። ጫፉ ሲነካ ጠቅ አለች። ዳዶዎቹን አጥብቀው የእጅ ፖምፓውን ጥቂት ተጫኑ። «አሁን አዙር!»

ነጭ ጭስ ከኋላ ቡልቅ ብሎ ወጣ። ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ጭሱን እያየ ሳለ ሞተሩ ተነሳ።

«ጋሼ፣ ስንት እንክፈል?»

«ለባለ ሞተር ሳይክሉ ክፈሉለት። የእኔ ስትመለሱ ይደርሳል፤ ያኔ ሽቦዋን በወጉ እሠራታለሁ። ብቻ ልብ በሉ፣ አሁን ቁልፍ አያጠፋትም።»

ሸኮን ስናልፍ ዝናቡ ደረሰብን። መፈልፈያው በር ላይ ሹፌሩ እንደ ልማዱ ቁልፉን ዘግቶ፣ ነቅሎ ኪሱ ከተተው። ሞተሩ መሥራቱን ቀጠለ። ዘበኛው አንዴ ሹፌሩን፣ አንዴ መኪናዋን አየ። ሹፌሩ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተና ሽቦዋን ነቀላት፤ ሞተሩ ጠፋ። ጀንፈሉ ተለካ። የእርጥበት መለኪያው 12 አለ።