ከጋጣው ፎቶግራፍ ውጪ የቀረው እርሻ

በአሜሪካ ዋዮሚንግ ግዛት፣ በግራንድ ቲተን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የሚገኘው ሞርሞን ሮው የተባለ የቀድሞ ሰፋሪዎች የእርሻ መንደር በአገሪቱ ብዙ ጊዜ ፎቶግራፍ ከሚነሡ የገጠር ሥፍራዎች አንዱ ሲሆን፣ በሞቃቱ ወራት ገና ጎሕ ሳይቀድ ባለሙያውም አማተሩም ካሜራውን በባለሦስት እግር ማቆሚያ ተክሎ በአንድ አሮጌ የእንጨት ጋጣ ፊት ይሰለፋል። ጋጣ ሲባል እዚህ ላይ የፈረስ ማሰሪያ ብቻ ሳይሆን፣ ላዩ ድርቆሽ የሚከማችበት፣ ታቹ ከብት የሚያድርበት ሰፊ ሕንፃ ነው።

የመንደሩ መነሻ አብርሃም ሊንከን እ.ኤ.አ. በ1862 የፈረሙት የሆምስቴድ አዋጅ ነው። አዋጁ በመሬቱ ላይ ቤት ሠርቶ አምስት ዓመት የኖረና ያረሰ ሰው በአነስተኛ ክፍያ እስከ 160 ኤከር፣ ማለትም 65 ሄክታር ያህል፣ የግሉ እንዲያደርግ ፈቀደ፤ ባዶ ተብሎ የታደለው መሬት ግን ሾሾኒን የመሳሰሉ ነባር ሕዝቦች በየዓመቱ እየመጡ የሚያድኑበትና ምግባቸውን የሚለቅሙበት ነበር። ከ1890ዎቹ ጀምሮ በአብዛኛው ከአይዳሆ በኩል የመጡ የሞርሞን እምነት ተከታዮች በአካባቢው 27 ይዞታዎችን አቋቋሙ፤ በምዕራብ አሜሪካ ሰፋሪ ብዙውን ጊዜ ከጎረቤቱ ርቆ ብቻውን ሲኖር፣ እነርሱ ቤቶቻቸውን በአንድ መንገድ ዳር አቀራርበው በመሥራታቸው ሥራን መጋራት፣ ትምህርት ቤትና ቤተ ክርስቲያንም ማቆም ቻሉ። (የቤተ ክርስቲያኑ ሕንፃ ኋላ ከቦታው ተነሥቶ ምግብ ቤት ሆኗል።)

ካሜራ ሁሉ የሚያነጣጥርበት ጋጣ የቶማስ አልማ ሞልተን ሥራ ሲሆን፣ በ1910ዎቹ ተጀምሮ በግራና በቀኝ እየተቀጠለበት ሠላሳ ዓመት ያህል ፈጅቷል። ተራሮቹ ከጋጣው በስተ ምዕራብ ስለሚገኙ የንጋት ፀሐይ ከፎቶ አንሺው ጀርባ ትወጣለች፤ አስቀድማ 4,199 ሜትር ከፍታ ያለውን የግራንድ ቲተንን ጫፍ ካቀላች በኋላ ብርሃኗ ቀስ በቀስ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። በዚህ መካከል ተራራው ደምቆ ጋጣው በጥላ ውስጥ ስለሚቆይ ሁለቱን በአንድ ፎቶ በልኩ ማስቀረት ይቸግራል፤ መፍትሔው የብርሃኑን መጠን እየለዋወጡ ያነሧቸውን ተከታታይ ፎቶዎች ኋላ ማዋሐድ፣ ወይም ብርሃኑ እንጨቱ ላይ እስኪያርፍ መታገሥ ነው፤ የሚሻለውም መታገሡ ይመስላል። ተራራው በጋጣው ላይ ገዝፎ እንዲታይ የሚሻ ወደ ኋላ ርቆ ረጅም ሌንስ ይጠቀም፤ ከጋጣው በራቁ ቁጥር ጋጣው ሲያንስ፣ ብዙ ኪሎ ሜትር የሚርቀው ተራራ መጠን ግን እምብዛም አይለወጥምና። ሰማዩን የሚያጠቁረው የፖላራይዘር ማጣሪያ ፀሐይ ከጎን ስትሆን እንጂ ከጀርባ ስትሆን ብዙም አይረዳም።

ይሁንና ይህ ውብ ምስል እርሻውን ይደብቀዋል። በፎቶው ላይ ጋጣው ብቻውን በሜዳ የቆመ ቢመስልም፣ ያ ብቸኝነት የሰፋሪዎቹ ሳይሆን ከእነርሱ በኋላ የመጣ ነው፤ በአካባቢው ያለው የእርሻ መሬት ለጥበቃ እየተገዛ ወደ ፓርኩ ሲጠቃለል ነዋሪው ሄደ፣ ብዙ ቤቶችም ጠፉ፤ መንደሩ በብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ የገባው በ1997 ነው። የብርዱ ወራት ረጅም፣ ዝናቡ ጥቂት በሆነበት በዚህ ከፍተኛ ሜዳ ድርቆሽና አጃ ያበቀለው ከ1896 እስከ 1937 በእጅና በፈረስ ጉልበት የተቆፈረው የመስኖ ቦይ ነው፤ በአንዳንዱ ክፍል ዛሬም ውኃ ይወርዳል። ስለዚህ ወደዚያ የሚሄድ ፎቶ አንሺ ከጋጣው ፊት የሚያሳልፈውን ማለዳ ከፍሎ፣ ፀሐይ ገና ዝቅ ብላ ሳለች ከጎን የሚመጣው ብርሃን ጠርዛቸውን በሚያጎላበት ሰዓት፣ ቦዮቹንና የቀሩትን አጥሮች ቢያነሣ የእርሻውን ታሪክ ይዞ ይመለሳል። በሜዳው የሚግጡትን የአሜሪካ ጎሾች ግን ቢያንስ ከ23 ሜትር ርቀት እንዲያነሣ የፓርኩ ደንብ ያስገድደዋል።