ባዝራ ላም አይደለችም

ከአርባ ምንጭ ሙቀት ተነስታችሁ 37 ኪሎ ሜትር ሽቅብ ስትወጡ ጨንቻ ትደርሳላችሁ፤ ጃኬት ያልያዘ ይቆጨዋል። በጋሞ ደጋ ፈረስ ለጌጥ አይደለም፤ ጭነት ያደርሳል፣ ሰው ያመላልሳል።

ያደርኩበት ቤት ባዝራ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ወለደች። ውርንጭላው ቆሞ ይጠባል። የእንግዴ ልጁ ግን ጠዋት 3 ሰዓትም እንደተንጠለጠለ ነው።

«አባባ፣ ሐኪም አንጠራም?» አልኳቸው ባለቤቱን።

«ምን አስቸኮለህ ልጄ? ላሟም እስከ ማግስቱ ቆይታ ታውቃለች። እምቢ ካለ ድንጋይ እናስርበታለን።»

ደግነቱ ልጃቸው ስልኩን አንስቶ ደወለ። የእንስሳት ሐኪሙ ሲደርስ መጀመሪያ የጠየቀው «ስንት ሰዓት ወለደች?» ብሎ ነው። ላም 12 ሰዓትና ከዚያም በላይ ልትቆይ ትችላለች። ባዝራ ግን 3 ሰዓት ካለፋት አደጋ ላይ ናት፤ ማህፀኗ ይመረዛል፣ መርዙ ሰኮናዋን አስቆጥቶ ያነክሳታል፣ ሊገድላትም ይችላል። ድንጋይ ማሰር ወይም መጎተት ደግሞ ማህፀኑን ይቀዳል ወይም ይገለብጠዋል።

ሐኪሙ ኦክሲቶሲን ወጋት። ውርንጭላ ሲጠባ የእናቱ አካል ራሱ የሚያመነጨው ሆርሞን ነው፤ ማህፀኑ እንዲኮማተርና ያለበትን እንዲያስወጣ ያደርጋል። አሜሪካዊው ቪንሰንት ዱ ቪኞ በ1950ዎቹ በላቦራቶሪ ሠርቶት በ1955 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ከተጠቃች በኋላ ማህፀኗ ፈሳሽ ለሚቋጥርና ለማርገዝ ለምትቸገር ባዝራም ሐኪሞች ይጠቀሙበታል።

ታዲያ መድኃኒቱን ገዝቶ መውጋት አይቻልም? አይቻልም! ምጥ ላይ ውርንጭላው ተጣሞ ከሆነ ማህፀን ሊቀድ ይችላል። የሐኪም ሥራ ነው።

መርፌው ተደግሞ የእንግዴ ልጁ ወጣ። ሐኪሙ ሣር ላይ ዘርግቶ፣ ተቀዶ ውስጥ የቀረ ቁራጭ እንዳለ አገላብጦ አየ። ሙሉ ነበር። ቢሆንም ሰኮናዋን ለቀናት እንድንከታተል አዘዘን።

አባባ ዝም ብለው ቆዩና ወደ ልጃቸው ዞሩ፦ «በሚቀጥለው ስትወልድ ሰዓቱን እዚያ ስልክህ ላይ ጻፈው።»

እናንተም ቤተሰባችሁ ባዝራ ካለው፣ ስትወልድ ከፎቶው በፊት ሰዓቱን ያዙ።