ልጁ ከትምህርት ቤት ሲቀር

ማታ ፊደል ስናስተምር አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣብናል። «እኛ በስተርጅና ተማርን፤ ልጁ ግን ከትምህርት ቤት እየቀረ ከብት ይጠብቃል። ምን ይሻላል?» ይላሉ እናቶች። አንዳንድ አባቶች ደግሞ «ይቀጣ!» ይላሉ። ማን ይቀጣ? ልጁ ነው ወይስ አባቱ? እዚህ ላይ ክርክሩ ይጦፋል።

ዛሬ የሌላ አገር ሰዎች ይህን ጉዳይ እንዴት እንደያዙት እንንገራችሁ። አገሩ ብራዚል ነው። ከባሕር ማዶ፣ በደቡብ አሜሪካ ይገኛል። እንደኛ ቡና አብቃይ ነው። ገጠሩ ሰፊ ነው፤ ድሃውም ብዙ ነው።

በብራዚል ልጅን አለማስተማር በሕግ ያስቀጣል። ያለ በቂ ምክንያት ልጁን ሳያስተምር የቀረ ወላጅ ከ15 ቀን እስከ 1 ወር ሊታሰር፣ ወይም መቀጫ ሊከፍል ይችላል። መቼም እናትን ማሰር ልጁን ደብተር አያስይዘውም። ስለዚህ ከእስር በፊት ሌላ መንገድ አለ።

የትምህርት ዘመኑ ቢያንስ 200 ቀን ነው። ተማሪው ከመቶ 75 እጅ መገኘት አለበት። እስቲ አስሉት። ሊቀር የሚችለው ከ50 ቀን አይበልጥም። ታዲያ 50 ቀን እስኪሞላ ዝም አይባልም። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ አለ። ልጁ ከ50ው ቀን ከመቶ 30 እጁን፣ ማለትም 15 ቀን ካሳለፈ፣ ትምህርት ቤቱ ስሙን ለሕፃናት ጠባቂ ሸንጎ ይልካል።

ሸንጎው ፍርድ ቤት አይደለም። 5 አባላት አሉት። የሚመርጣቸው የዚያው አካባቢ ሕዝብ ነው፤ የሚያገለግሉትም ለ4 ዓመት ነው። ሸንጎው ወላጅን ጠርቶ ያስጠነቅቃል። «ልጅህን አስመዝግብ፤ መማሩንም ተከታተል» ብሎ ማዘዝ ይችላል። ነገር ግን ሥራው በዚህ አያበቃም። አባትዬው መጠጥ አሸንፎት ከሆነ ወደ ሕክምና ይመራዋል። ቤተሰቡ ከተቸገረም ወደ መንግሥት ርዳታ ይመራዋል። እኛን የገረመን ይኼ ነው። የሚያስጠነቅቀውም፣ የርዳታውን በር የሚያሳየውም ያው አንድ ሸንጎ ነው።

ርዳታው ምንድን ነው? በ2003 እ.ኤ.አ. «ቦልሳ ፋሚሊያ» የሚባል የድሆች ድጎማ ተጀመረ። ቦልሳ እኛ ቦርሳ የምንለው ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. በሌላ ስም ተተክቶ ነበር፤ በ2023 እ.ኤ.አ. ተመለሰ። ገንዘቡ በየወሩ ይከፈላል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀበሉት እናቶች ናቸው። በምትኩ ልጆች መማር አለባቸው።

ልጁ ያለ ምክንያት ቢቀርስ? መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ ገንዘቡ አይነካም። ቢደገም ለ1 ወር ይታገዳል። አሁንም ከቀረ ለ2 ወር ይቋረጣል። በዚህ መሐል የርዳታ ሠራተኞች ቤተሰቡን ያነጋግራሉ። ልጁ ታሞ ነው? መንገዱ ርቆት ነው? ወይስ ሥራ ገብቶ ነው? እውነቱን ለመናገር፣ ከድሃ እናት ላይ ገንዘብ መቁረጥ ለእኛ አልጣመንም። ጥያቄው ግን መልካም ነው። ምክንያቱ ሳይታወቅ ልጁ አይመለስማ!

ለገበሬ የሚሆን ሌላም ነገር አለ። በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው የብራዚል የትምህርት ሕግ፣ በገጠር የትምህርቱ ጊዜ ከእርሻ ሥራና ከአየሩ ጠባይ ጋር እንዲስማማ ያዛል። አጨዳ ሲደርስ ትምህርት ቤቱ ዕረፍት ሊያደርግ ይችላል ማለት ነው። ልጁ ያግዛል፤ ስሙም «ቀሪ» ተብሎ አይመዘገብም።

ይህን በክፍላችን ስንናገር ብዙዎች ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። አንዲት እናት ግን እጃቸውን አወጡ። «አጨዳስ ያልፋል። ከብት ግን በየቀኑ ይሰማራል። ልጁ ሲማር ማን ይጠብቅልኝ?» አሉ። በተራ መጠበቅ ይቻል እንደሆነ ማክሰኞ ማታ እንነጋገርበታለን። ከብት ያላችሁ ሁሉ ኑ።