ያልመረጠውን ማን ይቁጠረው?

የአሜሪካ ገጠር የምርጫ ውጤት በተነሣ ቁጥር አብሮ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ ዴሞክራት የነበረው ሕዝብ እንዴት ሪፐብሊካን ሆነ? በዌስት ቨርጂኒያ ደቡባዊ ጫፍ የሚገኘው የማክዳዌል ካውንቲ ለዚህ ጥያቄ ተደጋግሞ የሚጠቀስ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ባራክ ኦባማ ጆን ማኬይንን 3,430 ለ2,882 አሸነፉበት። በ2016 ደግሞ ዶናልድ ትራምፕ 4,629፣ ሂላሪ ክሊንተን 1,438 ድምፅ አገኙ። ዘገባው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል። የምርጫ አሃዝ መመርመር እንጀራችን የሆነ ሰዎች ግን እነዚሁኑ ቁጥሮች መደመር አለብን። ስንደምራቸው በሁለቱም ዓመታት ለዋናዎቹ እጩዎች የተሰጠው ድምፅ ከስድስት ሺህ ጥቂት ከፍ ያለ ነው። አሸናፊው ተገለበጠ፤ ድምፅ የሰጠው ሰው ብዛት ግን እምብዛም አልተነቃነቀም። ድምሩ ያው የቀድሞው መራጭ ሐሳቡን ይለውጥ ወይም ሌላ ሰው ይተካው አይነግረንም። በሁለቱም ጊዜ ከምርጫ ውጭ ስለቀረው ሕዝብም አይነግረንም።

የቀረው ምን ያህል ነው? በ2020 ቆጠራ የካውንቲው ነዋሪ 19,111 ነበር። በዚያው ዓመት ትራምፕ 5,148፣ ጆ ባይደን 1,333 ድምፅ አገኙ። እዚህ ላይ አንድ ጠንቃቃ አንባቢ ተገቢ ተቃውሞ ያነሣል፤ ቆጠራው ሕፃናትንም፣ በካውንቲው እስር ቤቶች ያሉ ታራሚዎችንም ይጨምራል፤ እነዚህ ደግሞ መምረጥ አይችሉም። እውነት ነው፤ ስለዚህ እንቀንሳቸው። ከቀነስናቸውም በኋላ ድምፅ የሰጠው ከሚችለው ግማሽ ያህሉ ቢሆን ነው። በዚያ ምርጫ በአገር አቀፍ ደረጃ መምረጥ ከሚችለው ሦስት ሰው ሁለቱ ያህል መርጧል። እንግዲህ በውጤት ሰሌዳው ላይ ከመቶ 79 ያህል ሆኖ የሚነበበው ድል፣ መምረጥ በሚችለው ነዋሪ ሲሰላ ከአሥር አራት ሰው አይሞላም። የካውንቲው ትልቁ ወገን ሪፐብሊካንም ዴሞክራትም አይደለም፤ ቤቱ የቀረው ነው።

ለምን ቀረ ለሚለው ብዙዎች ቶሎ የሚሰጡት መልስ ድህነት ነው። ድህነቱ እርግጥ ነው፤ ግን አዲስ አይደለም። በ1961 የፌዴራል መንግሥት የምግብ ኩፖን ሙከራውን ሲጀምር የመጀመሪያዎቹ ተቀባዮች የዚሁ ካውንቲ ሰዎች ነበሩ። በዚያ ዘመን ግን ዌስት ቨርጂኒያ በመራጮች ተሳትፎ ከአገሪቱ አማካይ በላይ ነበረች፤ ዛሬ ከግርጌዎቹ ተርታ ናት። ስለዚህ የተለወጠውን ሌላ ነገር መፈለግ ይኖርብናል። በ1950 በማክዳዌል 99,000 ያህል ሰው ይኖር ነበር። የተባበሩት የማዕድን ሠራተኞች ማኅበርም በድንጋይ ከሰል ማውጫዎቹ ሥር የሰደደ ነበር። ማኅበሩ ደመወዝ ብቻ አልነበረም የሚደራደረው። አባላቱን ይሰበስባል፣ የትኛው እጩ ለማዕድን ሠራተኛው እንደሚበጅ ያስረዳል፣ በምርጫው ቀን ያልመጣውን ሄዶ ይጠራል። ማሽን የሰውን እጅ ሲተካና ማዕድኖቹ ሲዘጉ ሥራው ብቻ አልሄደም፤ ጠሪውም አብሮ ሄደ። ወሬ አድራሹም ተከተለው፤ በ2023 የካውንቲው ጋዜጣ ዌልች ኒውስ ተዘጋ።

ያ የድሮው ተሳትፎ ንጹሕ ነበር ወይ የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ሁሉም አልነበረም። በደቡብ ዌስት ቨርጂኒያ ድምፅ በገንዘብና በመጠጥ የመግዛት ልማድ ነበር፤ በአቅራቢያው ባሉ አካባቢዎች በ2000ዎቹም ሰዎች በዚህ ወንጀል ተፈርዶባቸዋል። ይህን የሚናፍቅ የለም። ሆኖም ማኅበሩ ያደርገው የነበረውን ሕጋዊ ቅስቀሳ ከጉቦው ጋር አንድ ላይ መጣል ስህተት ነው። ሌሎች ደግሞ መምረጥን ማቅለል ይበቃል ይላሉ። ጠመዝማዛ የተራራ መንገድ ላለበት አካባቢ ማቅለሉ ተገቢ ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ነገር ግን በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት በፖስታ መምረጥ ለማንኛውም ተፈቅዶ ነበር፤ ውጤቱም ከላይ ያየነው ነው። በሩ ቢከፈትም የሚጠራ ሰው ካልተገኘ የለመደው ብቻ ይገባል።

ስለዚህ እኛ ባለሙያዎች ከእያንዳንዱ የገጠር ካውንቲ ውጤት ጎን ያልመረጠውን ሰው ብዛት በተመሳሳይ መጠን መጻፍ ይገባናል። ይህ ካልሆነ የግማሹን ድምፅ የመላው ሕዝብ ሐሳብ አድርገን እናቀርባለን። ፓርቲዎችም በዚያ ስሌት ተመርተው አንዱ «ይህ የኔ ነው» ብሎ ይተኛል፤ ሌላው «ይህ ጠፍቷል» ብሎ ይሄዳል። ሁለቱም የማይጠይቁት ሕዝብ ደግሞ መንገዱም ሐኪም ቤቱም የሚጠገንበትን ውሳኔ ሌሎች ይወስኑለታል።