የሞተር መጋዝ ስትገዙ ምን ትመለከታላችሁ?

አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ብዙ ገበሬ እንጨት ይጠርባል። ሞፈርና ቀንበር ያወጣል፤ ድግርና እርፍ ይቀርጻል፤ በርጩማና አልጋ ይሠራል። መብራት በገባበት ቀበሌ ደግሞ «የሞተር መጋዝ በጋራ እንግዛ» የሚል ሐሳብ ይነሳል። ሐሳቡ መልካም ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና። ነገር ግን ገንዘቡ በላብ የተገኘ ነው። ሳታዩ አትክፈሉ።

የትኛው ይሻላል?

አንደኛው ዓይነት ክብ መጋዝ ነው። ስለቱ እንደ ሳህን ክብ ነው። ጣውላን ቀጥ አድርጎ በፍጥነት ይሰነጥቃል። ጎባጣ ነገር ግን አይቆርጥም። አንዳንዴም እንጨቱን ወደ ሠራተኛው መልሶ ይወረውራል።

ሁለተኛውን ቀበቶ መጋዝ እንበለው። ስለቱ እንደ ቀበቶ ረጅምና ቀጭን ነው። ላይና ታች ባሉ ሁለት መንኮራኩሮች ላይ ይዞራል። ቀጥ ያለውንም ጎባጣውንም ይቆርጣል። ስለቱ ቀጭን ስለሆነ ሰጋቱራ ሆኖ የሚባክነው እንጨት ጥቂት ነው። ገንዘባችሁ ለአንድ መጋዝ ብቻ ከበቃ፣ እርፍና ድግር ለሚቀርጽ ሰው ይሄኛው ይሻላል።

አሮጌ ቢሆንስ?

አሮጌ መጋዝ በርካሽ ይገኛል። አሮጌ መሆኑ ብቻ አያስነቅፈውም። ግን አራት ነገር ተመልከቱ።

1. ሞተሩ። በሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ፈልጉ። ፊደሉ የውጭ ቢሆንም ቁጥሩን ታውቁታላችሁ። የቤት መብራት 220 ቮልት ነው። 380 የሚል ቁጥር ካያችሁ፣ ከ220 ጋር ቢጻፍም እንኳ፣ ብዙውን ጊዜ ሦስት መስመር የሚፈልግ ሞተር ነው። በቤት መስመር እንዲሁ አይሠራም። የመብራት ባለሙያ ጠይቁ።

2. መንኮራኩሩ። መብራቱን ነቅላችሁ በእጅ አዙሩት። ከተንገጫገጨ ኩሽኔታው አልቋል። ኩሽኔታ ይለወጣል፤ ዋጋውን ግን አስቀንሱ። መንኮራኩሩ ከተሰነጠቀ በነጻ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ።

3. ቁመቱ። የሚያሳልፈውን እንጨት ውፍረት በሜትር ለኩ። 15 ሳንቲ ሜትር የሚያሳልፍ መጋዝ 20 ሳንቲ ሜትር ግንድ አይቆርጥም።

4. ክዳኑ። መንኮራኩሮቹንና ስለቱን የሚሸፍን ክዳን ከሌለው አትግዙ። ስለት ሲበጠስ ሰው የሚያድነው ክዳኑ ነው።

ስለቱን አትርሱ

ገንዘቡን ሁሉ ለመጋዙ አትጨርሱ፤ ለትርፍ ስለት አስቀሩ። ለወፍራምና ለእርጥብ እንጨት ትልልቅ፣ የተራራቀ ጥርስ ያለው ስለት ይሆናል። ለስስ እንጨት ጥርሱ ደቃቅ ይሁን። ቢያንስ ሦስት ጥርስ በአንድ ጊዜ እንጨቱ ውስጥ መግባት አለበት። ስለቱ መስመር ከሳተ ወይም እንጨቱ በግድ ከተገፋ፣ ብዙውን ጊዜ ደንዟል ማለት ነው።

ለጣታችሁ ተጠንቀቁ

ጋቢና ጓንት አውልቁ፤ ስለቱ ይጎትታቸዋል። ድቡልቡል ግንድ እንዳይሽከረከር በሽብልቅ ደግፉት። መጨረሻውን በጣት ሳይሆን በቁራጭ እንጨት ግፉ። የጠፋ ገንዘብ ይተካል፤ የተቆረጠ ጣት ግን አይበቅልም።

እንግዲህ ይህን ጽሑፍ ይዛችሁ ገበያ ውረዱ። ሻጩ የሚለውን ስሙ፤ ቁጥሩን ግን ራሳችሁ አንብቡ። ፊደል የቆጠራችሁት ለዚህ ነው።